ዕቁቤንና ጆሮዬን ይዤ አኪሃባራ ገባሁ

ሰው ቶኪዮ ደርሶ ሲመለስ ስለ ፎቁ፣ ስለ ባቡሩ ፍጥነትና ስለ ጥሬ ዓሣው ያወራል። እኔ ግን የማጫውታችሁ ከመጽሐፍ ብዙም ስለማትበልጥ አንዲት ጥቁር ሳጥን ነው። ሄድፎን አምፕሊፋየር ትባላለች። «ደግሞ እሷ ምን ትፈይዳለች?» እንዳትሉኝ። ባለቤቴም መጀመሪያ ያለችኝ ይህንኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የሙዚቃ ሱሰኛ ነኝ። ሌላው ደመወዙን በቢራና በጫት ሲጨርስ፣ እኔ በድምፅ ዕቃ ነው የምጨርሰው። ባለፉት ዓመታት ከዚህም ከዚያም እያጠራቀምኩ ጥሩ የሲዲ ማጫወቻ ገዛሁ። ቀጥሎ ዳክ የሚሉትን፣ የዲጂታሉን ቁጥር ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይረውን መሣሪያ አስመጣሁ። በመጨረሻም አንድ ዘመዴ ከጀርመን ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 የተባለ የጆሮ ማዳመጫ ላከልኝ። የቀረኝ አምፕሊፋየር ብቻ ነበር።

ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ማዳመጫውን ዳኩ ላይ ባለችው ቀዳዳ እሰካና እቀመጣለሁ። ታዲያ ድምፁ አልጠግብ አለኝ። ቮልዩሙን እስከ ጥጉ ባዞረውም ያው ነው። ውጭ የጎረቤት ጄኔሬተር ይንደቀደቃል፣ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ይለፈልፋል፣ እኔ ቮልዩም እጨምራለሁ። ስጨርስ ጆሮዬ ሲር… ይላል። «ማን እያነሳኝ ይሆን?» ብዬ እስቅና እተኛለሁ። ምርመራ ሳላደርግ መድኃኒቱን ራሴ አዘዝኩ፦ ጉልበት አንሶታል፣ ትልቅ አምፕሊፋየር ይግባለት!

በዚህ መሀል መሥሪያ ቤቴ ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ወደ ቶኪዮ ላከኝ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የባለቤቴ ዕቁብ ደረሳት። መጠኑን አትጠይቁኝ። ለሮቶ የታሰበ ገንዘብ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችኝ፣ «ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ቤት የሮቶውን ብር ጆሮህ ውስጥ ልታፈሰው ነው?»

ሦስት ቀን ተኳረፍን። በአራተኛው ቀን ፖስታውን ሻንጣዬ ውስጥ አስገባችልኝ። «ከተረፈ ሮቶዬን አስብ» አለች። ከጭቅጭቁ ሁሉ የከበደችኝ ይህች ቃል ናት።

ከባቡር ሐዲድ ሥር ያለው ገበያ

በሴኡል በኩል ናሪታ ገባሁ። የመጀመሪያዋ የዕረፍት ቀኔ ስትመጣ አብሮን የሚሠራ አንድ ጃፓናዊ «ልውሰድህ» አለኝና በያማኖቴ ባቡር አኪሃባራ ወረድን። ጣቢያው ራሱ «ኤሌክትሪክ ታውን» የሚል መውጫ አለው። ከዚያ ብቅ ስትሉ የቤት ሠራተኛ ልብስ የለበሱ ቆነጃጅት ወደ ሻይ ቤታቸው የሚጋብዝ ወረቀት ይሰጧችኋል። ወረቀቱን አልተቀበልኩም። ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ እንደምታነብ አውቃለሁና በዚህች መስመር ላይ ይመዝገብልኝ።

ቦታው ስሙን ያገኘው ከእሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ትልቅ ቃጠሎ ሰፈሩን ካወደመው በኋላ ከእሳት ይጠብቃል የተባለ ቤተ መቅደስ ተሠራና በዚያው ስም ተጠራ። የኤሌክትሪክ ገበያ የሆነው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ከጦርነቱ የተረፈ የሬዲዮ ዕቃ በየጎዳናው ይቸረቸር ጀመር። ዜናና ሙዚቃ የራበው ሕዝብ፣ ዕቃውን ገጣጥሞ ሬዲዮ የሚሠራ ተማሪ፣ መንገድ ዳር የተነጠፈ ሸራ… በቃ ገበያ ሆነ! እ.ኤ.አ. በ1949 የጎዳና ላይ ንግድ ሲከለከል ነጋዴዎቹ በባቡር ሐዲዱ ሥር ገቡ። «ሬዲዮ ሴንተር» የሚባለው የዚያ ዘመን ገበያ ነው።

ምን ልበላችሁ! መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሱቆቹ የሊስትሮ ሳጥን ያህል ናቸው ብል ብዙም አልዋሸሁ። ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ ሽቦ፣ የቮልዩም መዘውር፣ መሰኪያ፣ ሁሉም በየመጠኑ ተለይቶ በትንንሽ ሳጥን ተደርድሯል። የእኛ ምናለሽ ተራ አንድ ቀን ታጥቦ፣ ተለቅሞና በፊደል ተራ ቢደረደር ይህን ይመስላል። ከላይ ባቡሩ ሲያልፍ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል። ሻጮቹ ግን ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

ይህ አገር ለጆሮ ባለውለታ ነው። የመጀመሪያው የሶኒ ዎክማን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ለገበያ የቀረበው ጃፓን ውስጥ ነው። ሰው እየሄደ፣ ብቻውን፣ በጆሮው ብቻ ሙዚቃ መስማት የለመደው ከዚያ ወዲህ ነው። ያቺ የመጀመሪያዋ ዎክማን ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ ነበራት። እኛ ቤት አንድ ብቻ ስለሆነ ነው መሰለኝ የምንኳረፈው።

ፎቅ ሙሉ ማዳመጫ

ከዚያ ወጥተን የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ወደሚሸጥበት ፎቅ ወጣን። ገበያው በሰው ተሞልቷል፣ አንድም የሚጮህ የለም! ሁሉም ማዳመጫ አጥልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ከቤቱ ያመጣውን ማጫወቻ ከሱቁ አምፕሊፋየር ጋር እያገናኘ የፈለገውን ያህል ይሞክራል። «ትገዛለህ ወይስ ትወጣለህ?» የሚል ገላማጭ የለም።

በአንድ ጥግ ስታክስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ማዳመጫዎች ተቀምጠዋል። በኤሌክትሮስታቲክ ዘዴ የሚሠሩ ናቸው። በዘመናዊዎቹ ውስጥ እጅግ ስስ የሆነችው ገለፈት በ580 ቮልት ተሞልታ ነው የምትንቀሳቀስ። ስለዚህ የራሳቸውን ልዩ አምፕሊፋየር እንጂ ተራውን አይቀበሉም፣ መሰኪያቸውም አይገጥምም። ሰማሁት፤ ድምፁ እንደ ጤዛ ነው። ዋጋውን ሳይ ማዳመጫውን ቀስ ብዬ በሁለት እጄ መለስኩት።

ከዚያ ነው ያየኋት። ብርማ ናት፣ ወደ 10 ኪሎ ትመዝናለች፣ ፊቷ ላይ ሁለት መርፌዎች ይወዛወዛሉ። ጉልበቷ 6 ዋት ተብሎ ተጽፏል። ኤችዲ 650ዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰካሁና ቮልዩሙን ከፈትኩት። እናንተዬ! ከበሮው ደረቴን መታኝ። ዋጋዋ የዕቁቡን ፖስታ ከነማሸጊያው ይበላል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። እጄ ኪሴ ውስጥ ከገባ በኋላ «ከተረፈ» የምትለው ቃል ትዝ አለችኝ። «ነገ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ጃፓናዊው ጓደኛዬ ሁኔታዬን አይቶ «ከመግዛትህ በፊት አንድ ሽማግሌ ላሳይህ» አለ።

ሦስት ጥያቄዎች

በማግስቱ ከሥራ በኋላ በጠባብ ሊፍት ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አምፕሊፋየር እየበየዱ ደረስን። ጎንበስ ብለው ተቀበሉን። በጓደኛዬ አስተርጓሚነት ሦስት ነገር ጠየቁኝ፦ ማዳመጫዎ ምንድን ነው? ከምን ጋር ይያያዛል? የሚሰሙት የት ነው? ገንዘብዎ ስንት ነው አላሉኝም።

ማዳመጫዬን ሲያዩ ወረቀት አወጡና ሒሳብ ጀመሩ። ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ይህ ሒሳብ የብዙ ሰው ገንዘብ ያድናል።

ኤችዲ 650 ኢምፒዳንሱ 300 ኦም ነው። ኢምፒዳንስ ማለት ማዳመጫው ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ በሉት። 1 ቮልት ሲያገኝ 103 ዴሲቤል ይጮሃል። ሙዚቃው ድንገት ሲገነፍል 113 ዴሲቤል ይድረስ ብንል እንኳ የሚፈልገው 3.2 ቮልት ገደማ ነው። በዋት ሲሰላ 33 ሚሊዋት ያህል፣ ማለትም የ1 ዋት ሠላሳኛ! በጸጥታ ስትሰሙ፣ 75 ዴሲቤል አካባቢ፣ የ1 ሚሊዋት መቶኛ እንኳ አይሞላም። እኔ የከጀልኩት 6 ዋት ነበር። ለአንድ ሲኒ ቡና የሠርግ ጀበና!

«ታዲያ ያን ጉልበት ማን ይፈልገዋል?» አልኳቸው። የሚፈልግ አለ። ለምሳሌ ሃይፊማን ኤችኢ-6 የሚባለው ማዳመጫ ኢምፒዳንሱ 50 ኦም ብቻ ነው፣ ግን ድምፀ ሰነፍ ነው፤ በ1 ሚሊዋት 83.5 ዴሲቤል ብቻ ይሰጣል። እሱን 113 ለማድረስ 1 ዋት የሚጠጋ ያስፈልጋል። ከእኔው ሃያ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የኦሙን ቁጥር ብቻ አይቶ «ይሄ ከባድ ነው፣ ይሄ ቀላል ነው» ማለት አይቻልም፤ በስንት ቮልት ወይም በስንት ሚሊዋት ምን ያህል እንደሚጮህም መታየት አለበት።

በተቃራኒው ጆሮ ውስጥ የሚገቡት ትንንሾቹ ማዳመጫዎች ትንሽ ነገር ያስጮሃቸዋል። እነሱን ትልቅ አምፕሊፋየር ላይ ብትሰኩ ሙዚቃው ሳይጀምር ሽሽሽ… የሚል የአምፕሊፋየሩ ትንፋሽ ይሰማል። ቮልዩሙንም ገና ነካ ስታደርጉት ይጮሃል። በብዙ መዘውሮች ላይ ደግሞ በዚያች መጀመሪያ ቦታ ቀኝና ግራ እኩል አይሆኑም፣ አንዱ ጆሮ ይበልጣል። ለዚህ ነው «ሎው ጌይን» የሚል ማብሪያ ያለውን መምረጥ የሚበጀው።

በገናው ወፈረ

ከዚያ «የሚያውቁትን ሙዚቃ ይስጡኝ» አሉኝ። ሲዲዬን ሰጠኋቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኢትዮጲክስ ቁጥር 4 ነው፤ የቫይብራፎኑን ጥርት ያለ ድምፅ በእንቅልፍ ልቤ አውቀዋለሁ። ሁለተኛው የበገና ቅጂ ነበር። በገና ለፈተና የሚስተካከለው የለም። አሥሩ ጅማት ዝቅ ብሎ ያንጎራጉራል፣ ከጅማቱ ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ደግሞ ያን ዝዝዝ የሚል ድምፅ ታወጣለች። አምፕሊፋየሩ ከከሸፈ ዝዝታው ይጨማለቃል።

መጀመሪያ የቫልቭ አምፕሊፋየር ላይ ሰኩልኝ። አምፖል የሚመስሉት ቫልቮች ቀላ ብለው ይበራሉ፣ ሲያዩት ደስ ይላል። በገናው ወፈረ፣ ሞቀ፣ እንደ እራፊ ጋቢ ለበሰኝ። «ይሄ ነው!» አልኩ። ሽማግሌው ሳቁ። የአንዳንድ ቫልቭ አምፕሊፋየር የመውጫ ኢምፒዳንስ ከፍ ያለ ነው። የእኔ ማዳመጫ ደግሞ 300 ኦም ይባል እንጂ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ የባሱ ሰፈር፣ ወደ 500 ኦም ይወጣል። ሁለቱ ሲገናኙ ባሱ ከተቀዳው በላይ ያብጣል። «ከወደዱት ይውሰዱት፤ ግን በገናው ሳይሆን አምፕሊፋየሩ እንደሚዘፍን ይወቁ» አሉኝ።

ያስተማሩኝ መመሪያ እንዲህ ነው፦ የአምፕሊፋየሩ የመውጫ ኢምፒዳንስ ከማዳመጫው ስምንት ጊዜ ያነሰ ይሁን። ለ300 ኦም እስከ 37 ኦም ቢደርስ ይቻላል። ለ16 ኦም ግን ከ2 ኦም መብለጥ የለበትም።

ቀጥለው ያችን ብርማ የመሰለች ውድ አምፕሊፋየርና አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ጎን ለጎን አስቀመጡ። በትልቋ ሰማሁ፤ ደረቴን መታኝ። በትንሿ ሰማሁ፤ ቀዘቀዘብኝ። «ትልቋ ትበልጣለች!» አልኩ። አንድ ደቂቃ አሉኝና በመለኪያ የሁለቱን ድምፅ እኩል አደረጉት። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ሲቀያይሩልኝ የቷ የቷ እንደሆነች መለየት አቃተኝ! ለካ ያሸነፈችኝ በጥራት ሳይሆን በጩኸት ነበር። ጆሮ ሞኝ ነው፤ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ «ጥሩ» ይለዋል።

መልሱ ሌላ ቦታ ነበር

አሁን የሚመጣውን ስጽፍ አልስቅም።

«በሚሰሙበት ልክ ቮልዩሙን ያስተካክሉ» አሉኝ። አስተካከልኩ። ማዳመጫውን ከጭንቅላቴ አውልቀው ወደ ጆሯቸው ሲያስጠጉ ደንግጠው አራቁት። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በቀስታ «ቤትዎ ጫጫታ አለ?» አሉ። ስለ ጄኔሬተሩና ስለ ቴሌቪዥኑ ነገርኳቸው። «ሲጨርሱ ጆሮዎ ይጮህብዎታል?» አሉ። ለባለቤቴ እንኳ ያልነገርኩትን፣ ራሴም የሳቅኩበትን ነገር፣ ከማላውቀው አገር የማላውቃቸው ሰው ጠየቁኝ።

ኤችዲ 650 ጀርባው ክፍት ነው። ድምፁ አየር የሚያገኘው ለዚህ ነው፤ ግን የውጭውን ጫጫታ አይከለክልም። እኔ ማታ ማታ አምፕሊፋየር አነሰኝ ስል የነበረው ከጎረቤት ጄኔሬተር ጋር ስታገል ኖሯል። 6 ዋቱን ገዝቼ ብመለስ ጄኔሬተሩን ባሸነፍኩ ነበር፤ የምሸነፈው ግን ጆሮዬ ነበር።

የሱቁን በር ዘጉና ሁለት ደቂቃ ያለ ምንም ድምፅ አስቀመጡኝ። ከዚያ ከዜሮ ጀምረው ቀስ… ቀስ… አድርገው ከፈቱት። ቫይብራፎኑ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ እፊቴ ቆመ። «አቁም» ያልኩት ከቅድሙ እጅግ ዝቅ ብሎ ሳለ ነው። ምንም አልጎደለውም።

«ታዲያ አምፕሊፋየር ጭራሽ አያስፈልገኝማ?» አልኩ። የዳኬን መግለጫ ከስልኬ አነበቡ። የማዳመጫ ቀዳዳው ከ1 ቮልት በላይ አይሰጥም። ዝቅ ብሎ የተቀዳ ሙዚቃ ድንገት ሲገነፍል ያንን ሊነካውና ሊሻክር ይችላል። ስለዚህ ትንሿ ጥቁር ሳጥን ትበቃሃለች ተባልኩ። 4.4 ሚሊሜትር የሆነውን «ባላንስድ» መሰኪያስ? አልኳቸው። እሱ በዋነኛነት ቮልቴጅ ይጨምራል፣ የእርስዎ ችግር ደግሞ ቮልቴጅ አይደለም አሉኝ።

ልከፍል ስል አንድ የመጨረሻ ነገር አሳዩኝ። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር አዲስ አበባ መጥቶ ሲሰካ ጭስ ነው። ትልቋ ብርማ 100 ቮልት ብቻ የሚል ነበረባት! የትንሿ አስማሚ ግን ከ100 እስከ 240 ይላል። ከጃፓን ዕቃ የምታስመጡ ወገኖቼ፣ ይህችን ጽሑፍ ከዕቃው ጀርባ ሳታነቡ አትክፈሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።

ሮቶው

አገሬ እንደገባሁ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በታፈነ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ሲጥ የሚል ድምፅ እያሰሙ ለኩኝ። ውጤቱ ላይ መስመሩ ደህና ይመጣና 4,000 ኸርዝ ላይ ጎድጎድ ይላል። የጩኸት ጉዳት ማለፊያ ምልክቱ ይኸው ነው ተባልኩ። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ጸጉር መሰል ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቅ» አለችኝ ሐኪሟ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 90 ከሆነ ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ! እኔ ያንን በአንድ ማታ ስጨርስ ኖሬአለሁ።

ለባለቤቴ ወረቀቱን አሳየኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ዝም አለች። ከዚያ ተነስታ ጓዳውን ባዶ አደረገችልኝ፤ ከጄኔሬተሩ የራቀው ክፍል እሱ ነው። ከፖስታው የተረፈው ደግሞ ሮቶ ሆነ።

እንግዲህ አምፕሊፋየር ልትገዙ የምታስቡ ሁሉ፣ ከዋጋው በፊት የማዳመጫችሁን ቁጥር እወቁ። ማዳመጫችሁንና የምታውቁትን ሙዚቃ ይዛችሁ ሂዱ። ድምፁን እኩል አድርጋችሁ አወዳድሩ። ከሁሉም በፊት ግን ሁለት ደቂቃ ዝም በሉና ጆሯችሁ ምን እንደሚል ስሙት።

አሁን ማታ ጓዳዬ እገባለሁ። ትንሿን ሳጥን አበራለሁ፣ በገናው ይጀምራል። ውኃ በመጣ ቀን ሮቶው ሲሞላ በክፍቱ ማዳመጫ ውስጥ ይሰማኛል። ቮልዩሙን ግን አልነካውም።

ቸር እንሰንብት።